የሠርጓ ዜማና ስም የሌለው ካርድ

እኔ እኮ የሰው ዓይን አንዴ ካየሁ ያገባውን፣ ያላገባውንና ሊያገባ ያሰበውን እለያለሁ። አጎቴ ዛሬ ሚስት ያለው በእኔ ነው። ካላመናችሁ ስሙኝ።

አጎቴ አሮጌ ኮምፒውተር ይጠግናል። እኔ ደግሞ ትምህርቱ አልገፋ ሲለኝ ሱቁ በር ላይ ተቀምጬ ደንበኛ እቀበላለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ልብስ ሰፊ ከእሷ የሚከብድ ኮምፒውተር ታቅፋ ገባች። አንገቷ ላይ ሜትር ተንጠልጥሏል፣ እጅጌዋ ላይ ክር ተለጥፏል። አጎቴ ሊቀበላት ብድግ ሲል የያዘውን ብሎን ሁሉ መሬት ላይ በተነው!

«ይ... ይቀመጡ» አላት። ወንበሩ ላይ የተቀመጥኩት ግን እኔ ነበርኩ።

«አባቴ ነው የተወልኝ» አለች። «ሙዚቃ አስተማሪ ነበር። ለሠርጌ ብሎ የሠራልኝ ዜማ እዚህ ውስጥ አለ። እሱ ከሞተ ወዲህ ግን ድምፅ አልወጣው አለ።»

ገና እግሯ ከመውጣቱ አጎቴ በረጅሙ ተነፈሰ። ገባኝ።

«ጋሼ፣ ተስፋህን ቁረጥ። ‹ለሠርጌ› አላለችም? ሙሽራ አላት።»

ፊቱ አመድ መሰለ።

ኮምፒውተሩን ሲከፍተው ድምፅ የሚያወጣው ካርድ ስም የለውም። ትልቁ ጥቁር ቺፕ ላይ የነበረው ጽሑፍ ደብዝዟል። ጠመኔ ሲያሽበት ፊደሎቹ ብቅ አሉና ዓይነቱን አወቀ። የድሮ ካርድ ግን እንደ አሁኑ ራሱን አያስተዋውቅም። ኮምፒውተሩን በየትኛው መስመር እንደሚጠራ ለፕሮግራሙ ሰው ነው የሚነግረው። መስመሩን የምትወስነው ካርዱ ላይ የተሰካች፣ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ክዳን ናት። አጠገቧ ደግሞ ምንም ቁጥር አልተጻፈም! እንዲህ ያለ ካርድ የሚጠራባቸው መስመሮች አራት ብቻ ናቸው፤ አጎቴ አምስትን ሞከረ፣ ሁለትን ሞከረ፣ አሥርን ሞከረ። ጭጭ።

«ሙሽራ ትቸኩላለች፣ ጋሼ» አልኩት። «ይሄን አውጣና አዲስ ግጠምላት። ሴት አዲስ ነገር ትወዳለች።»

ሰማኝ።

መጥታ አዳመጠች። ፈገግ ልትል ጀምራ... ቆመች።

«ይሄ የአባቴ አይደለም።»

«ዜማው ያው ነው፤ የፒያኖውን ድምፅ የሚያወጣው ግን ካርዱ ነው፤ እሱን ብቻ...»

«የአባቴ ፒያኖ ጎርነን ያለ ነበር። ይሄ ጣሳ ነው! የአባቴን ካርድ አወጡት?»

ካርዱን ከጠረጴዛው ላይ አፈፍ አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች። ኮምፒውተሩን እንኳ ዞር ብላ አላየችውም።

ክረምቱን ሙሉ ኮምፒውተሩ እኛ ጋ፣ ካርዱ እሷ ጋ ከረሙ። አጎቴ ጠዋት ጠዋት አቧራውን በእጁ ይጠርግለታል።

«ሄጄ ይቅርታ ልጠይቃት እንዴ?»

«ሙሽራው ጥርስህን ያረግፍልሃል! አርፈህ ቁጭ በል።»

ዝናቡ ሲያባራ ራሷ መጣች። ለካርዱ በጥጥ የተሞላች ትንሽ ከረጢት ሰፍታለታለች።

«ሌላ ቦታ ወሰድኩት» አለች ቀስ ብላ። «ሳቁብኝ።»

«እኔ አልስቅም» አላት አጎቴ። «እንዳይዘገይብዎ ብዬ ነበር አዲሱን የገጠምኩት። አጥፍቻለሁ።»

ካርዱን ቦታው መለሰውና ጠየቃት።

«እስቲ ያስታውሱ። አባትዎ ዜማውን ከመክፈታቸው በፊት ምን ያደርጉ ነበር?»

ዓይኗን ጨፈነች። «እጁን ይታጠባል... መነጽሩን ይወለውላል... ከዚያ የፕሪንተሩን ገመድ ይነቅላል። ‹ይሄ ወሬኛ አፉን ይዝጋ› ይል ነበር።»

አጎቴ ጭንቅላቱን ያዘ። «ሰባት!»

ለካ ሰባት የፕሪንተሩ መስመር ናት። ከፕሪንተሩ ጋር እንዳይጣላ ብሎ ሳይሞክራት ያለፋት እሷን ብቻ ነበር። ሽማግሌው ግን ካርዱን እዚያው መስመር ላይ አስቀምጠው ፕሪንተሩን ያስወጡት ነበር! አጎቴ ለሙከራ የሰካውን የሱቁን ፕሪንተር ገመድ ነቀለ፣ ለፕሮግራሙ «ሰባት» ብሎ ነገረውና ከፈተ።

ፒያኖው መጣ። ጎርነን ያለ፣ ከሥሩ ትንሽ ሽሽሽ የሚል... ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች። እኔም ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገባ፤ ሱቁ አቧራ ነው።

«እንግዲህ ለሠርጉ ደረሰልዎ» አላት አጎቴ ካቻቪቴውን እያየ። «ሙሽራውም ደስ ይለዋል።»

«የቱ ሙሽራ?»

አጎቴ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«የ... የሉም?»

«አባቴ ይሄን ሲሠራልኝ የፊት ጥርሴ እንኳ ገና አልበቀለም ነበር!» እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ አየችው። «ክረምቱን ሙሉ ድምፅህን ያጠፋኸው... ለዚህ ነው?»

«አዎ።»

«ሞኝ!»

«ሞኝ ነኝ። ግን... ዜማው ያለ ሙሽራ እንዳይቀር፣ እኔ ልሁን ብዬ...»

«ብለህ?»

«ብዬ ነዋ!»

ጆሮው ድረስ ቀላ። እሷ የከረጢቷን ክር ጣቷ ላይ እየጠመጠመች፣ «እስቲ ከመጀመሪያው ጀምረህ አሰማኝ» አለችው። ያን ዜማ ሱቁ እስኪዘጋ ድረስ ደጋግመው ሰሙት።

ሠርጉ ላይ አሮጌው ኮምፒውተር ከሙሽሮቹ ጎን ጠረጴዛ ተሰጥቶት ተጫወተ። ፕሪንተሩ ብቻ አልተጋበዘም። እኔ ሙሽራዋ በሰፋችልኝ ቀሚስ ተሽሞንሙኜ መሀል ቆምኩና ጮክ ብዬ፣

«ይሄን ሠርግ የሠራሁት እኔ ነኝ! እኔ ባልኖር ኖሮ...» ከማለቴ ሙሽራዋ ቬሏን ገለጥ አደረገች።

«አንቺ ባትኖሪ ኖሮማ ከክረምቱ በፊት ተጋብተን ነበር።»