ሐይቁ የመለሳት ፒክአፕ

ይህን የምጽፍላችሁ ፈጠራ አምሮኝ አይደለም። በገዛ ቤቴ፣ በዓይኔ በብረቱ ያየሁት ነው። ሚስቴ ማርሊስም ምስክሬ ናት።

ዕለቱ እሑድ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ተኩል። ውጭ ፀሐይዋ ጥርት ብላለች። ቦታው ሚኒሶታ፣ ከወጥ ቤታችን ጋር በአንድ በር የሚገናኘው ጋራዣችን ነው።

ያቺን አሮጌ ፒክአፕ ሦስት ወር ሙሉ ሳድሳት ከርሜያለሁ። የሸጠልኝ ጎረቤቴ ሽማግሌው አርኔ ነው። ከዓመታት በፊት በክረምቱ ብርድ ረግቶ በረዶ በሆነ ሐይቅ ላይ ስትነዳ፣ በረዶው ተሰብሮ ሰምጣ ነበር።

«ይነዳት የነበረው ሰውዬስ?» አልኩት።

«የወጣችው መኪናዋ ብቻ ናት» አለኝና ወሬ ቀየረ።

እኛ እዚህ በረዶ በሆነ ሐይቅ ላይ ስንነዳ፣ ብርዱ ቢያንገበግበንም መስኮት አንዘጋም። ከሰመጥን መውጫችን እሱ ነዋ።

ይቺ መኪና ግን ጋራዥ ውስጥም መስኮት አታስዘጋም...

ማታ የዘጋሁትን መስኮት ጠዋት ወርዶ አገኘዋለሁ። የመስታወቱን ማንሻ ቀየርኩት።

ወረደ።

ደግሜ ቀየርኩት።

ወረደ...

እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። የሁለቱንም በር መስታወት ወደ ላይ ገፍቼ በሽብልቅ ወጠርኩት።

«እስቲ አሁን ውረድ!» አልኩት። ከመስታወት ጋር እልህ የተጋባሁ ጅል!

እሑድ ዕለት ማርሊስ ጋቢና ገብታ ፍሬን ትረግጥልኛለች። እኔ ከሥር ተኝቼ ከፍሬኑ መስመር አየር አስወጣለሁ።

«ርገጪ!»

«ረገጥኩ።»

«ልቀቂ!»

«ለቀቅኩ። ዱዌን፣ እዚህ ምን አፍስሰህ ነው? እግሬ ራሰ።»

«ምንም አላፈሰስኩም። ወሬሽን ተዪና ርገጪ!»

ረገጠች።

ፊቴ ላይ የተንጠባጠበው የፍሬን ዘይት አልነበረም። ውሃ ነው... ጭቃ ጭቃ የሚሸት፣ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ቀዝቃዛ ውሃ።

«ዱዌን...» ድምፅዋ ወደ ሹክሹክታ ወረደ። «ቶሎ ና።»

«ምን ሆንሽ?»

«አጠገቤ ሰው ይተነፍሳል።»

እንዴት ከሥር እንደወጣሁ አላስታውስም። ቀና ስል ውሃው ጋቢናውን ሞልቶ ደረቷ ደርሷል። ከሥር ያንጠባጥብ የነበረው እንኳ ቆሟል፤ ወደ ውጭ አንዲት ጠብታ አትፈስም።

በሩን ሳብኩት። እንቢ አለ።

በወዲያኛው ዞሬ ሳብኩት። እንቢ!

ውሃው አንገቷ ደረሰ... ማርሊስ መስታወቱን በሁለት እጇ ትደበድባለች፣ አፏ ይከፈታል፣ ድምፅዋ ግን አይሰማኝም። ሚስቴ በገዛ ጋራዤ፣ እኔው በወጠርኩት መስኮት ምክንያት ልትሞትብኝ ነው!

መዶሻ አነሳሁ።

አንድ... ሁለት...

በሦስተኛው መስታወቱ ረገፈ። ውሃው ግን አልፈሰሰም። የት እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም። በብብቷ ይዤ ጎትቼ አወጣኋትና ተያይዘን ሲሚንቶው ላይ ወደቅን።

ልብሷ በስብሷል። እያሳለች ውሃ ታስመልሳለች። በሕይወት አለች! አቅፌያት እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

«አለሁልሽ... አለቀ... አለቀ።»

ጆሮዬ ሥር ተጠግታ፦

«ከኋላዬ ሆኖ እየገፋኝ ነበር» አለችኝ።

«ማን?»

«ቶሎ ውጪልኝ... ቶሎ ውጪልኝ... ይለኛል።»

ያኔ ነው ወለሉን ያየሁት።

ከተሰበረው መስኮት ሥር የሚጀምር፣ በአጠገባችን ያለፈ የእርጥብ እግር ዱካ አለ። ባዶ እግር ነው። ትልቅ ነው። የሚሄደው ወደ ወጥ ቤቱ በር ነው።

እኛ ገና ከወደቅንበት አልተነሳንም።

በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ...

ከዚያ ከውስጥ ሲቀረቀር ሰማነው።