ከሳንቃው ግድግዳ ማዶ

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1979፣ እሑድ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሩብ ነበር። ቺዙሩ በሰፈሩ የፍልውሃ ቤት ገንዳ ውስጥ እናቷን ፉሚዬን ደግፋ ተቀምጣለች። ፉሚዬ ከታመመች ጀምሮ ግራ ጎኗ አይታዘዝላትም፤ ያለ ልጇ ወደ ውሃው አትገባም፣ ከውሃውም አትወጣም።

ከሳንቃው ግድግዳ ማዶ፣ በወንዶቹ በኩል፣ ኮሄይ አለ። ግድግዳው እስከ ጣራው ስለማይደርስ ሳሉን ሳይቀር ትለየዋለች።

ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት የተዋወቁትም በዚሁ ግድግዳ ነው። ለሦስት ቀን እረፍት ከኦሳካ ከተማ የመጣው የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ኮሄይ፣ ውሃው ሲያቃጥለው ማንንም ሳያስፈቅድ የቀዝቃዛውን ቧንቧ ከፈተ። ገንዳው ውስጥ የነበሩት ሽማግሌዎች ተንጫጩበት። «ልጄ፣ ውሃውን የትናንት ሾርባ አደረግህብን እኮ» አሉት አንዱ። ሴቶቹ ሳቁ። ቺዙሩ ግን አዘነችለትና መጀመሪያ እግሩ ላይ በባልዲ እንዲያፈስ፣ ቀስ ብሎ እንዲገባ፣ ከገባ በኋላ ደግሞ እንዳይንቀሳቀስ በግድግዳው አናት ነገረችው።

እንዳለችው ገባ። «አልተንቀሳቀስኩም» ሲል መለሰላት። «እስከ መቼ ነው?»

ሦስቱ ቀን አሥራ ሁለት ሆነ። በር ላይ ጫማ ሲያደርጉ ይተያያሉ፤ የሷ ፀጉር እርጥብ ነው፣ የሱ ፊት ቀልቷል፤ ብዙም አይነጋገሩም። ትናንት ግን እንድታገባውና አብራው እንድትሄድ ጠየቃት። እናቷን ይዘው እንዳይሄዱ፣ እሱ ኦሳካ ውስጥ ያለችው ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ናት፤ ፉሚዬም ከዚህ ውሃ መራቅን መስማት አትፈልግም። እሱ እንዳይቀር እዚህ ሥራ የለም። ቺዙሩ ነገ እነግርሃለሁ አለችው። እሱ ዛሬ የሚሄድበት የመጨረሻው አውቶቡስ የሚነሳው በአሥራ አንድ ሰዓት ነው።

በዚያ ሰፈር ባል ከገንዳው ሲወጣ ሚስቱን በግድግዳው አናት ይጠራል። እሷም «እኔም መጣሁ» ትለዋለች፤ በር ላይ ተገናኝተው አብረው ይሄዳሉ። ከሚስቱ ሌላ ሴት የሚጠራ የለም። ኮሄይ ይህን ከሽማግሌዎቹ ተምሮ ነበር።

«ቺዙሩ፣ ወጣሁ።»

ሴቶቹ ወደ ቺዙሩ ዞሩ። አንዷ ጀርባዋን የምታሽበት ፎጣ እጇ ላይ ቀረ።

ፉሚዬ አንገቷን ሳታዞር፣ «መልሽለት እንጂ» አለች በሹክሹክታ።

ይህን ስትል ግን ደህናው ቀኝ እጇ ከውሃው በታች የልጇን የእጅ አንጓ ጨብጧል። መጨበጧን ራሷም ያወቀች አትመስልም። ቺዙሩ ለመመለስ ትንፋሽ ሳበች። የእናቷ ጣቶች ይበልጥ ጨበጧት።

«እማዬ፣ እጄን…»

«እጅሽ ምን ሆነ?»

«ምንም።»

ከማዶ እርጥብ ኮቴ ተሰማ። ቆም አለ። ከዚያ በሩ ተንሸራተተ።

እናቷን አውጥታ፣ አድርቃ፣ የልብሷን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆልፋ በር ላይ ስትደርስ አሥራ አንድ አልፏል። ጫማዋ ውስጥ ኮሄይ የስልክ ቁጥሩን የጻፈበት ቁራጭ ወረቀት አገኘች። አልደወለችም፤ ምን ብላ ትደውል?

ፉሚዬ ከሁለት ዓመት በኋላ አረፈች። በተቀበረች በሳምንቱ ቺዙሩ ኦሳካ ደወለች፤ ስልኩን ያነሳችው ሴት የኮሄይ ባለቤት መሆኗን በትህትና ነገረቻት።