ዴላኒና የመጨረሻዋ ገጽ

ዴላኒ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያናችን ጀርባ፣ ኦሃዮ ወንዝ ዳር፣ ከተዘጋው የብረት ፋብሪካ አጠገብ ነው። እዚህ ፊት ለፊት፣ አሁን ማይልስ እየተቁነጠነጠ ያለበት ወንበር ላይ ትቀመጥ ነበር። ማይልስ፣ አርፈህ ተቀመጥ! የዛሬው ታሪክ ደስ አይልም። ማልቀስ የፈለገ ያልቅስ፣ እኔም ሳላለቅስ የምጨርሰው አይመስለኝም።

ዴላኒ ልዕለ ጀግኖች ያሉባቸውን የሥዕል ታሪክ መጽሔቶች ስትወድ ለጉድ ነው። መጽሔት የሚሸጡትን ሽማግሌ፣ ሚስተር ስታኔክን፣ ታውቋቸዋላችሁ። እሳቸው ዘንድ አዲስ መጽሔት የሚገባው ረቡዕ ረቡዕ ነው። ያን ቀን ልጆች ከትምህርት ቤት ሲወጡ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ተሰብስበው ያነባሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይንጫጫሉ። አንድ ደንብ አላቸው። የመጨረሻዋን ገጽ ማንም ብቻውን አይገልጣትም፣ ማንም ቀድሞ አያወራትም። ሁሉም እስኪደርስ ይጠበቃል። ከዚያ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» ብለው አብረው ይገልጧታል።

ዴላኒ የቡድኑ ዜና አቅራቢ ነበረች። የትኛው ጀግና ልብስ ሊቀይር ነው? የትኛው ሠዓሊ ሥራ ለቀቀ? የሚቀጥለው ወር ሽፋን ምን ይመስላል? ሁሉንም ከስልኳ ለቃቅማ ትነግራቸዋለች። ጎበዝ ነበረች፣ ለምን እዋሻለሁ። ግን ጎበዝ መባልን ከሚገባው በላይ ትወድ ነበር።

ከልጆቹ አንዱ ዌንደል ይባላል። የአሥር ዓመት ልጅ ነው። ከተወለደ ጀምሮ ልቡ ታማሚ ነበረች። ደረጃ ሲወጣ ከንፈሩ ይጠቁራል። ሥዕል ሲያይ ግን ማን ይችለዋል! ጥግ ላይ የተሣለች ትንሽ ነገር አይቶ ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ ይናገራል፤ እንዳለውም ይሆናል። የመጨረሻዋ ገጽ ስትገለጥም «ሦስት!» ብሎ የሚጮኸው ሁልጊዜ እሱ ነበር። ያ ድምፅ ከዚያ ከደካማ ደረቱ ከየት እንደሚወጣ እንጃ።

ያን ጊዜ ሁሉም የሚያነቡት ስለ ድልድይ ጠባቂዋ ነበር። የከተማዋን ድልድይ ከክፉ ሰዎች የምትጠብቅ ጀግና ናት። ባለፈው እትም ድልድዩ ከሥሯ ተሰብሮ ወንዝ ውስጥ ወደቀች። ታሪኩ እዚያ ላይ ቆመ። ልጆቹ የሚቀጥለውን እትም ሲጠብቁ እንቅልፍ አልነበራቸውም።

አንድ ረቡዕ ዴላኒ ተነሥታ ቆመች።

«ዜና! ድልድይ ጠባቂዋ አለቀላት። የሚቀጥለው ሽፋን ላይ ሬሳዋ አለ!»

«ሽፋን ይዋሻል» አለ ዌንደል። «እንዲሸጥላቸው ነው። ባለፈውም ሽፋኑን አይተሽ ውሻዋ ሞተ አልሽን። ውሻው ይኸው በሕይወት አለ።»

«ውው! ውው!» ብሎ ሌላው ልጅ፣ ጃስፐር፣ ጮኸ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። የዴላኒ ጆሮ እስኪቀላ ድረስ ሳቁባት።

ዌንደል ግን ሊያዋርዳት አልነበረም። እሱ ስለ ጀግናዋ ነበር የሚያስበው። «ወገቧ ላይ ያለውን ገመድ አላያችሁትም? ጫፉ ከድልድዩ ጋር ታስሯል። ትወጣለች፣ ታያላችሁ። ማክሰኞ እኔም ልቤን ኦፕራሲዮን እደረጋለሁ። እሷ ከወንዙ ከወጣች እኔም ከአልጋው እወጣለሁ። ረቡዕ በስልክ አብረን እንገልጣለን። እንዳትቀድሙኝ!»

«ማን አባቱ ነው የሚቀድምህ!» አሉ ሚስተር ስታኔክ። «መጽሔትህን ራሴ ሆስፒታል ድረስ አመጣልሃለሁ።»

እሑድ ዕለት ዴላኒ ስልኳ ላይ አንድ ፎቶ አየች። አንድ ሰው ያልወጣውን እትም ከማተሚያ ቤት ሰርቆ አንዷን ገጽ ፎቶ አንሥቷል። ድልድይ ጠባቂዋ ወንዙ ሥር ተጋድማለች። ዓይኗ ፈጧል። አትተነፍስም። ዴላኒ እየሮጠች ጃስፐር ቤት ሄደች።

«አየህ? አየህ! ማን ነበር ትክክል?»

ጃስፐር አየና ፊቱ ጠወለገ። «በናትሽ ለዌንደል እንዳትነግሪው።»

«ለምን? ሰው ሁሉ ፊት ያሳቀብኝ እሱ አይደል?»

«ከነገ ወዲያ እኮ ነው ኦፕራሲዮኑ! ትንሽ አታዝኚለትም?»

ልጆች፣ እዚህ ጋ ቆም እንበል። ስልኳን ኪሷ ብትከተው ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ማንም አያውቅባትም። ጃስፐርም አስጠንቅቋታል። ውስጧም «ተይ» ብሏት ነበር፤ በኋላ ራሷ ነግራኛለች። ግን ያ ሳቅ ጆሮዋ ላይ ቀርቶ ነበር፣ አልለቃት አለ።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሆስፒታል ደወለችለት።

«ዌንደል፣ ዜና አለኝ።»

«መጨረሻውን እንዳትነግሪኝ!» አለ እየሳቀ።

«ሞታለች። ገጿን በዓይኔ አየሁት። ገመድህም ምንም አልረባትም።»

ከጀርባው የሆስፒታሉ ማሽን ይሰማል።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አየሁ አልኩህ እኮ! በል እንግዲህ፣ ማን ነው ትክክል?»

«አንቺ ነሽ» አለ ዌንደል። ስልኩን ዘጋው።

አሸነፈች። ደስታው ግን እራት እስኪቀርብ እንኳን አልቆየላትም።

ማክሰኞ ጠዋት ዌንደልን ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል አስገቡት። አልነቃም።

አሁን በደንብ ስሙኝ። የዴላኒ ቃል አይደለም የገደለው። ሐኪሞቹ ልቡ ከመጀመሪያውም አትችልም ነበር ብለዋል፣ እኔም ይህን ለዴላኒ ደጋግሜ ነግሬያታለሁ። ቃሏ ያደረገው ሌላ ነው። የመጨረሻ ቀኑን ተስፋ ነጠቀው።

ረቡዕ መጽሔቱ ገባ። ማንም ማንበብ አልፈለገም። ሚስተር ስታኔክ ግን «አንቀድምህም ብለነዋል። አሁን ለእሱ ብለን እናንብብ» አሉ። ዓይናቸው አብጦ ነበር። ልጆቹ አነበቡ። ዴላኒ ያየቻት ገጽ ደረሰች። ጀግናዋ ወንዙ ሥር ተጋድማለች፣ ዓይኗ ፈጧል። ቀጥሎ የመጨረሻዋ ገጽ ናት።

«አንድ» አሉ ልጆቹ። «ሁለት።»

«ሦስት» የሚል ጠፋ። ሚስተር ስታኔክ ገለጧት።

ገመዱ ተወጥሯል። ከውኃው አንዲት እጅ ወጥታ የድልድዩን ብረት ጨብጣለች።

ጃስፐር ዴላኒን አያት። ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ወንበሯን ገልብጣ ወጣች።

ከቀብሩ በኋላ መጽሔቱን ይዛ የዌንደል እናት ዘንድ ሄደች። ማንም ሂጂ አላላትም። ጎረቤት ያመጣው የተጋገረ ድንችና ኬክ ጠረጴዛው ላይ ሞልቷል፣ የነካው ሰው የለም።

«ሚስስ ታልበት፣ ሰኞ ዕለት የደወልኩለት እኔ ነኝ» አለች። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ምንም አላስቀረችም።

«ሰኞ ማታ የሚወደውን ዶሮ ገዝቼለት ነበር» አሉ እናቱ። «አልበላም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ምን ሆንክ የኔ ጌታ ስለው፣ ‹አትወጣም፣ እማ› አለኝ። ማን እንደማትወጣ አላወቅኩም። የሚቃዥ መሰለኝ።»

ዴላኒ ማልቀስ ጀመረች። «ወጥታለች። እሱ እንዳለው ነው የሆነው።»

እናቱ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ከዚያ አንድ ወንበር ሳቡ።

«ተቀመጪ። እሱ ያላነበበውን አንብቢልኝ።»

ዴላኒ አነበበች። የመጨረሻዋ ገጽ ጋ ስትደርስ ቆመችና ደንባቸውን ነገረቻቸው። ሁለቱም እጃቸውን ገጹ ላይ አደረጉ። «አንድ፣ ሁለት» አለች ዴላኒ። «ሦስት» ማለት አቃታት።

«ሦስት» አሉ እናቱ።

ያን ቀን ይቅር ብዬሻለሁ አላሉም፣ አልፈርድባቸውም። ያሉት «ረቡዕ ተመለሺ፣ የሚቀጥለውን ታነቢልኛለሽ» ነው። ዴላኒ እስከ ዛሬ ረቡዕ ረቡዕ ትሄዳለች። እግዚአብሔር ይቅር እንዳላት አምናለሁ። ያቺ ሰኞ ግን አልተመለሰችም፤ ዌንደልም ጀግናዋ ከወንዙ መውጣቷን ሳያውቅ ሄደ።

ልጆቼ፣ ትክክል ነሽ፣ ትክክል ነህ ለመባል ብላችሁ የሰውን ተስፋ አትንጠቁ፤ የተናገራችሁትን የምታስተካክሉበት ነገ ላይኖር ይችላል።