ሐያሲው ያላየው መጨረሻ

ሐያሲው ያየህይራድ ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ሻዩን ፉት እያለ የሰው ልፋት በጋዜጣ ማረድ ከጀመረ ሃያ ዓመት ሆኖታል፤ «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የተባለው ለእሱ ይመስላል። በዚህ ሳምንት ያረደው ከአንድ ታዋቂ ልብ ወለድ የተሠራ የሥነ ልቦና ፊልም ነበር። ሌሎቹ አምስት ሐያስያን አወደሱት። እሱ ግን ሽማግሌው በእርጥብ ፎጣ ታፍኖ የሚሞትበትን መጨረሻ «የሕፃናት ጨዋታ ነው፤ ሟቹ መሞት፣ ገዳይዋም መግደል አያውቁም» ብሎ ጻፈበት። ፊልሙን ግን አላየውም። መጽሐፉን ካነበብኩ ምን ቀረኝ ብሎ ነው፤ ብዙ ጊዜም እንዲህ ያደርጋል።

አርብ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ለውይይት ወደ ሲኒማ ቤቱ ሲጠራ ፈራ። አለማየቱ ከታወቀ ያ ሰው ሁሉ የሚፈራው ስሙ አለቀለት። ቢቀርም ያው ይታወቅበታል ብሎ ሄደ።

የአዳራሹ በር ከኋላው ሲዘጋ የመንገዱ ጫጫታ፣ የታክሲ ረዳቶቹ ጥሪ፣ የራሱም ኮቴ ሳይቀር ምንጣፉ ውስጥ ሰጠመ፤ በጨለማው ውስጥ የከረመ ወንበር ሽታና፣ ከዚያ በላይ፣ አሁን የታጠበ ጨርቅ የሳሙና ሽታ አለ። መድረኩ ላይ አንድ ወንበርና አንድ ካሜራ ብቻ ቆመዋል። ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ሰው ሳፋ ውስጥ የሆነ ነገር እየነከረ ቀስ ብሎ ይጨምቃል።

«ጋሼ፣ እዚህ አረፍ ይበሉ» አለው ዳይሬክተሩ ናሆም፣ በሁለት እጁ ትከሻውን ይዞ እያስቀመጠው። «የቱ ትዕይንት ነው ያላሳመነዎት?»

«የሽማግሌው አሟሟት ነዋ!»

የውሃው ድምፅ ቆመ።

«እሱ እኮ ፊልሙ ውስጥ የለም» አለ ናሆም በትሕትና። «የእኛ ሽማግሌ በሩን ከፍቶ ይወጣል። ጽሑፍዎን ስናነብ ግን ጉድለታችን ገባን።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ያየህይራድ ሊነሳ ሞከረ፤ ትከሻው ላይ ያሉት እጆች አልተነሱም። ያን ጊዜ በሕይወቱ ፈርቶ የማያውቀውን ፍርሃት ፈራ፤ ሃያ ዓመት የደበቀውንም እንደ ሕፃን እየጮኸ አወጣው።

«አላየሁትም! እመኑኝ፣ ማርያምን፣ ፊልሙን አላየሁትም!»

«እናውቃለን፣ ጋሼ።»

ተዋናይቷ ቤዛዊት ከመጋረጃው ወጥታ ከኋላው ቆመች። በእጇ ከያዘችው ፎጣ የሚንጠባጠበው ቀዝቃዛ ውሃ በማጅራቱ ወደ ሸሚዙ ውስጥ ወረደ። ካሜራው ላይ ትንሽ ቀይ መብራት በራች።

በዚህ መሃል የአዳራሹ በር ተከፈተና የቀኑ ብርሃን ገባ። ያየህይራድ የሚገቡትን ሲያያቸው እንባው መጣ፤ ፊልሙን ያወደሱት አምስቱም ሐያስያን ባልደረቦቹ ነበሩ። እያንዳንዳቸውን በስማቸው እየጠራ ድረሱልኝ አለ።

እነሱም በአክብሮት ጎንበስ ብለው ሰላምታ ሰጡት፣ የፊተኛው ረድፍ ላይ ተደርድረው ተቀመጡና ማስታወሻ ደብተራቸውን ገለጡ።