የግድግዳው ውኃ

«የሚመሰክር ጩኸት ብቻ ይመስለኝ ነበር፤» አለ መቶ አለቃ ቦጂያ። «በዚህ ስሕተት ድንቅቱን አሰርኳት።»

መሐንዲስ እንግዳወርቅ በአምቦው የእንግዳ ማረፊያ ፎቅ ላይ፣ ከባዶው የመታጠቢያ ገንዳ አጠገብ፣ ጭንቅላቱ ተመትቶ ሞቶ ከተገኘ ሳምንት አልሞላውም። አስከሬኑን ያገኘችው ፎጣ ልታደርስ የወጣችው የጽዳት ሠራተኛዋ ድንቅቱ ናት፤ ያሳሰራት የግምጃ ቤት ኃላፊው የጂራ ቃል ነው። አሁን መርማሪው ቦጂያ ጂራንና ሥራ አስኪያጁን ኦቦ ተሬፋን፣ ከሟቹ መታጠቢያ ሥር ባለው በጂራ ክፍል ሰብስቧል። ድንቅቱን ከአንድ ፖሊስ ጋር ወደ ፎቁ ልኳታል።

«ቃልህን ድገምልኝ።»

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ መሐንዲሱ የገንዳውን ውኃ ሲለቀው በዚህ ግድግዳ ውስጥ ሲንጎደጎድ ሰማሁ» አለ ጂራ። «በሕይወት ነበር ማለት ነው። ወዲያው ወጥቼ ከኦቦ ተሬፋ ጋር ዳማ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ የወጣች እሷ ብቻ ናት።»

«እነዚህ ስስ የፕላስቲክ ቧንቧዎች ከገቡ ወዲህ» አለ ተሬፋ፣ «ላይ አንዱ ሲታጠብ ታች ያለው ዣንጥላ ያምረዋል።»

ቦጂያ ከበሩ ብቅ ብሎ ተጣራ። «ድንቅቱ! ልቀቂው!»

ቆመው ጠበቁ። ጂራ ግንባሩን ጠረገ። «ምን እየጠበቅን ነው?»

ድንቅቱ እጅጌዋ እንደራሰ ወረደች። «አልሰማችሁም እንዴ? ገንዳውን ሞልቼው ነበር፤ ሁሉም ወርዷል።»

ተሬፋ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጠፈ። «ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ! ጠብታ እንኳ አልተሰማም!»

«ለዚህ ቤት የታዘዘው ወፍራም የብረት ቧንቧ ነበር» አለ ቦጂያ። «ክብደቱ የውኃውን ድምፅ ያፍናል። አንተ ግን፣ ጂራ፣ ብረት ጠፋ ብለህ የሕዝቡን ንብረት ጊንጪ ከተማ ደበቅክ፤ መሐንዲሱም አምኖህ በፕላስቲክ ሠራ። እንግዶች በጩኸቱ ሲያማርሩ አፍሮ ፍለጋ ገባ። ለዚህ መስመር የሚበቃውን ብረት ከጊንጪ አምጥቶ፣ ከመሞቱ በፊት ባለው ቀን አንተ በሌለህበት ከጓሮ በኩል ተከለው። ትናንት በጓሮው ግድግዳ ላይ ያለውን አዲስ ሲሚንቶ ሳስፈነቅል፣ ድምፁ ጨርሶ እንዳይሰማ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ አገኘሁት። ብረቱን ማግኘቱን ነግሮሃል፤ መትከሉን ግን አልነገረህም። ነግሮህ ቢሆን ይህን ውኃ ‹ሰማሁ› አትልም ነበር። ዳማ የተቀመጥከው ገድለኸው ወርደህ ነው።»

ጂራ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«አጋልጥሃለሁ አላለኝም» አለ። «‹አብረን እንመልሰው፤ ማንም አያውቅም› ነው ያለኝ። አላመንኩትም።»

ጂራ ተያዘ። ቦጂያ ድንቅቱን እስከ ቤቷ በር ሸኝቶ፣ ጎረቤቶቿ እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቅርታ ጠየቃት።