የገቢዎቹ አሠልጣኝ

መቶ አለቃ ዘመድኩን የተገኘው ሙዝ እርሻው ውስጥ፣ በሙዝ ቅጠል ተሸፍኖ ነበር። ማጅራቱን ተመትቶ ሞቷል። አጠገቡ ሠልጣኞቹ የሚለማመዱበት የእንጨት ጠመንጃ ወድቋል።

የዳሞራ ንጉሠ ነገሥት ጦር አገር ባስገበረ ቁጥር የተሸነፈውን ወታደር ትጥቅ ያስፈታል፤ እንደገና አሠልጥኖም ለሚቀጥለው ዘመቻ ያሰልፈዋል። እንዲህ ያለውን ወታደር «ገቢ» ይሉታል። ከምዕራብ ዓባያ ወጣ ብሎ ባለው ሰፈር መቶ ሃያ ገቢዎች ነበሩ፤ ሁሉም ባለፈው ዓመት ሐይቁን ከዳሞራ ሲከላከሉ የነበሩ የጋሞ ልጆች። ቃለ መሐላ የሚፈጽሙት በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር።

መርማሪዋ ሻሺቱም ራሷ ገቢ ናት። ከአርባ ምንጭ በሞተር ብስክሌት ስትደርስ የሰፈሩ አዛዥ ኮሎኔል ሀብተጊዮርጊስ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት።

«እስከ መሐላው ገዳዩን ካላመጣሽልኝ መቶ ሃያውንም ወደ ጨው ማዕድን እልካቸዋለሁ። ጠመንጃው የሠልጣኙ የዕዝራ ነው፤ አስሬዋለሁ። ለእኔ ግን አንዱ ከሌላው አይለይም።»

«ለእኔ ይለያል፣ ጌታዬ።»

«ይለያላ! ዘመዶችሽ አይደሉ!»

ሻሺቱ ወደ እርሻው አለፈች። በዚህ ዓመት ስድብ መዋጥን ለምዳለች።

ከሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። ቅጠሉ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከሥርም ተነጥፏል። አንዱን አንሥታ ዳሰሰችው። የመሐሉ ወፍራም አከርካሪ በቢላ ስለተላጠ ቅጠሉ እንደ ጨርቅ ይታጠፋል። ጥቂት ራቅ ብሎ አንድ የሙዝ ግንድ በአንድ ምት ተገንድሷል፤ ዘለላው የለም።

የመሣሪያ ግምጃ ቤቱ ጠባቂ አሥር አለቃ ካሱ የዳሞራ ሰው ነው። ሸሚዙ ገና ከመታጠቡ እርጥብ ነበር፤ ደረቱ ላይ ግን ቡናማ ነጠብጣብ አለ።

«ምን ነካው ሸሚዝህን?»

«ዝገት።»

«የሙዝ ውኃ ነው፣ አሥር አለቃ። ሲነካህ ውኃ ይመስልሃል፤ ሲደርቅ ይጠቁራል፤ ቢያጥቡትም አይለቅ። የዚህ አገር ሰው ሙዝ ሲቆርጥ ሸሚዙን ያወልቃል።»

ካሱ ሳቀ። «እሺ፣ አንድ ዘለላ ሰርቄያለሁ። ስቀሉኛ!»

«መቶ አለቃውን አየኸው?»

«ሲመሽ ከገቢዎቹ ጋር ቦርዴ ሲጠጣ። እኛ ወገኖቹ ተቀምጠን ከእነሱ ጋር! የዋህ ነበር፣ ነፍሱን ይማር። ከዚያ ብቻውን ወደ እርሻው ወረደ። እኔ እንዳይዘኝ ዘለላዬን ታቅፌ ሮጥሁ።»

ዕዝራ የታሰረው እህል መጋዘን ውስጥ ነው። የቀኝ እጁ አንጓ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«ትናንት በልምምድ ላይ ነው የተሰበርሁት፣ እትዬ ሻሺቱ። መቶ አለቃው ራሱ አሰረልኝ።»

«ዝተህበታል ይላሉ።»

«የዳሞራን መዝሙር ዘምር ሲለኝ፣ አንድ ቀን የኛን አስዘምርሃለሁ አልሁት። እሱም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ጠመንጃዎቹ ደጅ ተደግፈው ነው የሚያድሩት፤ ማንም ያነሣቸዋል።»

ኦይታን ያገኘችው ሰልፍ ሜዳው ዳር፣ ጠጠሩ ላይ ቆሞ ነው። ከገቢዎቹ አንዱ፣ የጨንቻ ሰው ነው፤ ሽበታም። በሐይቁ ጦር ውስጥ አለቃዋ ነበር።

«ጋሽ ኦይታ፣ ዛሬ ፈቃድ ጠይቀዋል አሉ።»

«ጨንቻ ልወጣ፣ ሽማግሌዎች ዘንድ። ኮሎኔሉ ከለከለኝ።»

«ሬሳው ሳይነሣ?»

«ሳይነሣ ነው የሚኬድ።»

«ማታ መቶ አለቃው ምን አጫወተዎት?»

«ስለ ጦርነቱ። ሌላ ምን ወሬ አለው? ልጄ፣ ጥያቄሽ እንደ ድሮው ዙሪያ ጥምጥም ነው።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በሜዳው ተሰበሰቡ። ሰፈሩ ከመሠራቱ በፊት ያ ሣር ዱቡሻ ነበር፤ የአካባቢው ሰው የሚዳኝበትና የሚታረቅበት ቦታ።

«ካሱ ሌባ እንጂ ገዳይ አይደለም፤» አለች ሻሺቱ። «እሱ ግንድ ይገነድሳል፤ ቅጠል ልጦ ከሬሳ ሥር አያነጥፍም። ቅጠሉ የተላጠው ለቆጮ መጠቅለያ በሚላጥበት መንገድ ነው። ይህን ያደረገው እንሰት ያለበት ቤት ያደገ፣ የገደለውን ሰው ባዶ መሬት ላይ መተው ያሳፈረው ሰው ነው።»

«ዕዝራ ነዋ!» አለ ኮሎኔሉ።

«አንዱ እጅ ይወጥራል፣ ሌላው ይልጣል። የዕዝራ አንዱ እጅ ግን ከትናንት ጀምሮ ታስሯል።»

«እንግዲያው መቶ አሥራ ዘጠኝ ቀሩ። ማዕድኑ ሰፊ ነው።»

ሻሺቱ ወደ ሜዳው ዳር አየች። ቀጥሎ የምትለውን አንዴ ካለችው እንደማትመልሰው ታውቃለች።

«ጌታዬ፣ ደም ያለበት ሰው ሽማግሌ ሳያነጻው ይህን ሣር አይረግጥም። ጎሜ፣ እርም ነው፤ መዓቱ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። እኛ ከጦርነቱ በኋላ ነጽተን ነው የገባነው። አሁን ሁሉም ሣሩ ላይ ቆሟል፤ አንድ ሰው ብቻ ጠጠሩ ላይ ቀርቷል። ጠዋትም እዚያው ነበር። ፈቃድ የጠየቀውም ሊያመልጥ ሳይሆን ሽማግሌ ፊት ሊናገር ነው።»

ራስ ሁሉ ወደ ጠጠሩ ዞረ።

«ጋሽ ኦይታ፣ ገደሉት?»

«ገደልሁት፣ ልጄ። ወንድሜን በጦርነቱ ጊዜ ድልድይ ላይ የገደለው እሱ መሆኑን ማታ ነገረኝ። በወዳጅነት ነው የነገረኝ። እንግዲያው ጨንቻ እንውጣ፣ ሽማግሌ ፊት ተናገርና እንታረቅ አልሁት። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ ‹የንጉሠ ነገሥቱ ምሕረት ይህን ሁሉ ሰርዞታል፤ ከእንግዲህ ወንድምህ እኔ ነኝ› አለኝ። የወንድሜን ደም ሲሰርዙት ማን ጠየቀኝ? በጨለማ እጄ የገባውን አንሥቼ ተከተልሁት። የዕዝራ መሆኑን አላወቅሁም። ሽማግሌዎቹ ይጠሩልኝ፤ ከዚያ የፈለጋችሁትን አድርጉኝ።»

«እዚህ የሚፈርደው ንጉሠ ነገሥቱ ነው፤» አለ ኮሎኔሉ። «ውሰዱት!»

መኪናው ከሜዳው ወዲያ ቆሟል። ሁለት ወታደሮች ብብቱን ይዘው በአቋራጭ ሊወስዱት ሲሉ ኦይታ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸ።

«በዙሪያው! እባካችሁ በዙሪያው ውሰዱኝ!»

«በዳር ውሰዱት!» አለች ሻሺቱ።

ኮሎኔሉ ሰዓቱን አየ። ኦይታ እግሩን ሽቅብ ሰበሰበ፤ ወታደሮቹ ግን ከበዳቸውና በሣሩ ላይ ጎተቱት።

መቶ አሥራ ዘጠኙ ማሉ። አንዳቸውም ወደ ሻሺቱ አላዩም።

«ግሩም ነው!» አለ ኮሎኔሉ ሲሸኛት። «ይህን የሣር ዘዴ ለሌሎቹም ሰፈሮች አስተላልፈዋለሁ። ገቢ ሁሉ በየጠዋቱ ሣር ላይ ይሰለፋል።»

«አይሠራም፣ ጌታዬ።»

«ለምን?»

«የሚሠራው አንድ ጊዜ ነው። ከእንግዲህ ደም ያለበትም ይረግጠዋል።»