የቆዳው ወይስ የጎማው

«አሁን ደግሞ የጎማውን ልቀቂው» አለ ዋጋሪ።

ወለቴ ኳሱን ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ ለቀቀችው። ነጥሮ ደረቷ ድረስ መጣ። ቀደም ሲል የቆዳው የነጠረው እስከ ወገቧ ብቻ ነበር።

ዋጋሪ የስምንተኛ ክፍል ቡድን አምበል ነው፤ መንጠሩ አላስደነቀውም። ሁለቱንም ኳሶች በየተራ ወደ ግቡ ለጋ። የጎማው መንገድ ላይ ሐሳቡን ቀይሮ ወደ ሽንት ቤቱ ዞረ። የቆዳው ግን እንደታዘዘ ቀጥ ብሎ ገባ።

የነቀምቴ ወጣቶች ማኅበር ያዘጋጀው ውድድር በሚቀጥለው ሳምንት፣ ግንቦት አጋማሽ ላይ ይጀመራል። ክፍሉ ሠላሳ ብር አዋጥቶ ኳስ የመግዛቱን ሥራ ለወለቴ የሰጣት የነጋዴ ልጅ ስለሆነች ነው፤ ዋጋ ታውቃለች ተብላ። ችግሩ የቆዳው ኳስ የሚሸጠው አባቷ ሱቅ መሆኑ ነበር። ዋጋው ሃያ ሰባት ብር ነው። የጎማው ዱቤ በሚባል ሌላ ነጋዴ ሱቅ ዐሥራ ሁለት ብር ሲሆን፣ በተረፈው ለተጫዋቾቹ ካልሲ ይገዛል። አዳልታለች እንዳትባል ሁለቱንም ለሙከራ ለምና አመጣች።

«ዲሲ፣ በቃ ተዪው» አለ ዋጋሪ ኦሮምኛ ቀላቅሎ። «ካልሲ ግብ አያገባም። የቆዳው ይሁን።»

ከበው የቆሙት የክፍሉ ልጆች ሁሉ እጃቸውን አወጡ። ወለቴ ደስታዋን መደበቅ አቃታት። የቆዳው ኳስ ሁለት ዓመት ሙሉ ገዢ አጥቶ ተቀምጧል። አባቷ አቶ ረዲ በየሳምንቱ እየወለወለ «የሚያውቅህ ይመጣል» ይለው ነበር።

የጎማውን ለዱቤ መልሳ ሱቃቸው ስትደርስ አባቷ ከኡኬ ከመጣ ተረፋ ከሚባል ገበሬ ጋር ነበር። አቶ ረዲ ከሸቀጡ ጎን ቆዳም ይገዛል። ተረፋ ያመጣውን የበሬ ቆዳ በጣቱ ጫን ጫን አደረገና ሳይመዝን መለሰለት። ዝናብ ነክቶታል፣ አድርቀህ አምጣው፣ እርጥብ ቆዳ ግማሹ ውሃ ነው አለው። ተረፋም ሳይቀየም ሳቀ፤ በዚህ ወር ወለጋ ውስጥ ምን ይደርቃል ብሎ።

ወለቴ ኳሱን እንዳቀፈች ቆመች። እውነቱን ነው፤ ሰሞኑን ከሰዓት በኋላ ሳይዘንብ ቀርቶ አያውቅም። ውድድሩም ከሰዓት በኋላ ነው። ብሩን ሰጥታ ዝም ብትል ማንም አይወቅሳትም፤ የመረጡት እነሱ ናቸው። አባቷም እጇ ላይ ያለውን ብር አይቶ ፊቱ በርቷል። ጨነቃት።

«አባባ፣ ይሄስ ውሃ ይጠጣል?»

«ሞራ ቢቀቡት…» ብሎ ጀመረ አባቷ። ከዚያ ተረፋን አየ፤ ኳሱንም አየ። «ቆዳ አይደል ልጄ፣ ይጠጣል። ከዕረፍት በኋላ ድንጋይ ነው የሚመቱት።»

ተረፋ ቆዳውን ትከሻው ላይ አደረገ። «ኦቦ ረዲ፣ አንተ እኔን መለስከኝ፤ ልጅህ ደግሞ አንተን መለሰችህ።»

ወለቴ ኳሱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። አባቷን ቀና ብላ ማየት ከበዳትና ዋጋሪን ላነጋግረው ብላ ወጣች። በሩን ሳታልፍ አባቷ ጠራት።

«ዱቤ ዐሥራ ሁለት ካለሽ እሺ እንዳትዪው። በዐሥር ይሰጥሻል።»

ሳቋ መጣ። ከዱቤ በፊት ግን ወደ ዋጋሪ ቤት የሚወስደውን አቀበት ያዘች።